ስለ ቤት መብራት አምፑሎች ልዩነት፤ ከአራዳ ቤቶች ምሳሌ ጋራ

የኤሌክትሪክ መስመር ወደ አንድ መንደር በገባ ጊዜ መምህሩና ማንበብ የሚችሉት ሽማግሌዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠየቁት «ምን ዓይነት አምፑል ይገዛ?» ተብለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ከሚቀመጡት አምፑሎች አንዱ የሌላውን ስድስት እጥፍ ኃይል እየበላ ብርሃኑ ከዚያኛው አይበልጥም፤ አንዱ ዓመት ሳይሞላው ሲቃጠል ሌላው ብዙ ዓመት ይቆያል፤ አንዱም ቢሰበር ከክፍሉ ለጥቂት ጊዜ መውጣት ያስፈልጋል። ዋጋውን ብቻ ጠይቆ የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት አያየውም፤ የሚያየው የወሩ ሒሳብ በመጣ ጊዜ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከአዲስ አበባ ሰፈሮች አራዳን መመልከት ይጠቅማል። አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የነበረው ገበያ ስም ነው። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን በዚያ ስለ ከፈቱ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው አዲስ ዕቃ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በዚያ ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ የሚባለውን ሲያቋቁሙ፣ የአራዳ መካከል ፒያሳ ተባለ፤ ትርጓሜውም በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሄዱ፤ ስሙ ግን ቀረ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል፤ ቢሆንም በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ከጧፍና ከኩራዝ ጀምሮ እስከ ዛሬው አምፑል ድረስ የመብራት ዓይነት ሁሉ በየተራው ስላለፈ፣ አንዱን ከሌላው ለማስተያየት ከአራዳ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

በታሪክ እንደሚነገረው የኤሌክትሪክ መብራት በኢትዮጵያ መጀመሪያ የበራው በ1890 ዓ.ም. አካባቢ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። በ1924 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ለከተማው ኃይል የሚሰጠው የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ በአቃቂ ወንዝ ላይ ተሠራ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን ብዙ ጊዜ ቢለውጥም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ማለቱን አልተወም። በዚህ ሁሉ ዘመን በቤት ጣሪያ ላይ ይንጠለጠል የነበረው አምፑል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ ይኸውም በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ቀጭን ክር ያለው ነው።

የክሩ አምፑል አሠራር ከብረት አንጥረኛ ምድጃ ጋራ ይመሳሰላል። ብረት በእሳት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፤ ሙቀቱ ሲጨመር ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ይጠጋል። በአምፑሉ ውስጥም ኤሌክትሪክ በቀጭኑ ክር ሲያልፍ ክሩ ስለሚቋቋመው እስከ 2500 ዲግሪ ያህል ይግላልና ያበራል። አሜሪካዊው ኤዲሰንና እንግሊዛዊው ስዋን በ1871 እና በ1872 ዓ.ም. ይህን አምፑል ለሕዝብ ባሳዩ ጊዜ ክሩ የከሰል ነበር። ወልፍራም ወይም ተንግስተን ከሚባለው ማዕድን የተሠራው ክር የተገኘው በ1897 ዓ.ም. በሃንጋሪ አገር ስለ ሆነ፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በቤተ መንግሥት የበራው አምፑል ክሩ የከሰል እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ብርሃኑም ዛሬ ከሚታወቀው ይልቅ ቀይ መልክ ያለውና ደብዘዝ ያለ ነበር። ተንግስተን እስከ 3400 ዲግሪ ድረስ ስለማይቀልጥ ክሩን አብዝቶ ማጋል ተቻለ፤ አየር ቢያገኘው ግን ወዲያው ይቃጠላልና በብልቃጡ ውስጥ የማያቃጥል ጋዝ ይሞላበታል።

የዚህ አምፑል ታላቅ ጉድለቱ ምድጃ መሆኑ ነው። ከሚበላው ኃይል ብርሃን ሆኖ የሚወጣው ከመቶው አምስት ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ጣሪያቸው በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት በተወጠረ ቤቶች ውስጥ የመቶ ዋት አምፑል ለጨርቁ ተጠግቶ ሲሰቀል ጨርቁ እየጠቆረ ይሄድ ነበር፤ ከዚያም ወደ እሳት አደጋ ሊያደርስ ይችላል። ሙቀቱ የሚጠቅመው ጫጩት ለሚያሳድግ ሰው ነው፤ ለዚህ ሥራ ከሆነ የክሩን አምፑል የሚተካ ርካሽ ዕቃ የለም። በአውሮፓ አገሮች ግን ለቤት መብራት የሚሆነው የክር አምፑል ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. በየደረጃው ከሽያጭ እንዲወጣ ተደርጓል።

ስለ ብርሃን ልክ ሲነገር ብዙ ሰው ዋትን ይጠራል፤ «የመቶ ዋት መብራት» ብሎ የብርሃኑን ብዛት የተናገረ ይመስለዋል። አምፑል ሁሉ አንድ ዓይነት በነበረበት ዘመን ይህ አነጋገር እምብዛም አያሳስትም ነበር፤ አሁን ግን ያሳስታል። በቅሎ የምትበላው ገብስ ሌላ፣ የምትሸከመው ጭነት ሌላ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ዋት አምፑሉ የሚበላው ኃይል ልክ እንጂ የሚሰጠው ብርሃን ልክ አይደለም። የብርሃኑ መለኪያ ሉመን ይባላል፤ በካርቶኑ ላይም ተጽፎ ይገኛል። አንድ ሻማ 12 ሉመን ያህል ይሰጣል፤ ጥላሸት የሚተፋው ኩራዝም ብዙ ጊዜ ከዚህ እምብዛም አይሻልም። የ60 ዋት የክር አምፑል 700 ሉመን ያህል ሲሰጥ፣ ማለት የስልሳ ሻማ ብርሃን ሲሆን፣ በኤልኢዲ የሚሠራው አምፑል ግን በ9 ዋት ብቻ 800 ሉመን ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ገዢው በሱቅ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በስንት ዋት ስንት ሉመን ይሰጣል?» ብሎ ነው።

ይህ ነገር የጎረቤትን ሰላም እስከ መንካት የሚደርስ መሆኑ በአራዳ አሮጌ ግቢዎች በግልጥ ይታይ ነበር። በእነዚያ ግቢዎች አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤተ ሰብ ማገልገሉ የተለመደ ሲሆን፣ የወሩ ሒሳብ ሲመጣ በየቤቱ ያለው አምፑል ተቆጥሮ በዚያው ቁጥር ይካፈሉት ነበር። አምፑል ሁሉ የክር በሆነበት ጊዜ ይህ ከሞላ ጎደል ትክክለኛ ፍርድ ነው። የአምፑሉ ዓይነት ሲለያይ ግን ፍርዱ ይጣመማል። አንዲት እናት ሁለት ባለ 9 ዋት አምፑል ቢኖራቸው፣ ጎረቤታቸው ደግሞ አንድ ባለ 100 ዋት የክር አምፑል ቢኖረው፣ በአምፑል ቁጥር ሲከፈል እናቲቱ የጎረቤታቸውን እጥፍ ይከፍላሉ፤ የበሉት ኃይል ግን 18 ዋት ብቻ ስለ ሆነ የእርሱን አንድ አምስተኛ እንኳ አይደርስም። ቁጠባ የሠራ ሰው ቅጣት ከፋይ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ በገጠር ከተሞችም ከጎረቤት ቆጣሪ መስመር ስቦ መጠቀም ስለሚታይ፣ እንዲህ ያለው ክርክር ወደ ሽማግሌ ሲመጣ የሚቆጠረው አምፑሉ ሳይሆን ዋቱና የሚበራበት ሰዓት ሊሆን ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለበት ቤት ካለ ግን የአምፑሉን ክርክር ትቶ ከምጣዱ መጀመር ይሻላል፤ እርሱ ብቻውን ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ይበላልና።

ሒሳቡ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚከብድ አይደለም። ዋቱ በሰዓቱ ይበዛል፤ የተገኘው ለአንድ ሺህ ይካፈላል፤ የሚወጣው ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። አራት ባለ 60 ዋት አምፑሎች በየሌሊቱ አራት ሰዓት ቢበሩ በወር 29 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላሉ፤ አራት ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፑሎች ግን በዚያው ሰዓት ከአራት ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ይበላሉ። የመብራት ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ ሆኖ ብዙ የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ከጥቂት ተጠቃሚው ስለሚበልጥ፣ አምፑል መለወጥ የሚያተርፈው በሁለት ወገን ነው። መምህሩ የትምህርት ቤቱን ደረሰኝ አምጥቶ በዚያ ላይ ካለው ዋጋ ጋራ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢያሠራ፣ ልጆቹ ማባዛትንና ማካፈልን በሚጠቅም ነገር ይለማመዳሉ፤ ማታም ለወላጆቻቸው የሚነግሩት ያገኛሉ።

ከክሩ አምፑል ቀጥሎ ወደ አራዳ ሱቆችና መሥሪያ ቤቶች የገባው ረጅሙ ፍሎረሰንት ነው። በአሜሪካ አገር በ1930 ዓ.ም. ለሽያጭ የቀረበ ሲሆን፣ በቱቦው ውስጥ ጥቂት የባዜቃ ትነት አለ። ኤሌክትሪክ በትነቱ ሲያልፍ ለዓይን የማይታይ ጨረር ይወጣል፤ በመስታወቱ ውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ያን ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ክር ሲግል የሚባክነው ሙቀት በዚህ ስለሌለ ከክሩ አምፑል አራትና አምስት እጥፍ ይቆጥባል። ለሰፊ ክፍል፣ ይልቁንም ለመማሪያ ክፍል የተስማማ ነው። ነገር ግን ባላስትና ስታርተር የሚባሉ ረዳቶች ያስፈልጉታል፤ ቮልት ሲወርድ ብልጭ ድርግም እያለ አልነሣም ይላል።

ይኸው ቱቦ ታጥፎና ተጠምዝዞ በተራው አምፑል ቦታ እንዲገባ ሆኖ ሲሠራ ሕዝቡ «ኃይል ቆጣቢ» አለው። በሆላንድ አገር ያለው የፊሊፕስ ኩባንያ እንዲህ ያለውን በ1972 ዓ.ም. አወጣ። በኢትዮጵያ በሰፊው የታወቀው ግን በችግር ጊዜ ነው። በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. ኃይል አንሶ መብራት በፈረቃ በሚሰጥበት ወራት ገደማ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን የክሩን አምፑል ከየቤቱ እየተቀበለ ቆጣቢውን በለውጥ ማደል ጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አምፑሎች ታደሉ። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው፤ አዲስ ግድብ እስኪሠራ ብዙ ዓመት ሲያስጠብቅ፣ አምፑል መለወጥ ግን በጥቂት ወር ውስጥ የምሽቱን ጭነት ያቃልላልና። የ14 ዋቱ ቆጣቢ የ60 ዋቱን የክር አምፑል ይተካል። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ሲለኮስ ወዲያው ሙሉ ብርሃን አይሰጥም፤ ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ ለመጸዳጃ ቤትና ለደጃፍ አይስማማም። በሆዱም ጥቂት ሚሊግራም ባዜቃ አለ።

ባዜቃ መርዝ ስለ ሆነ፣ የተሰበረ ፍሎረሰንት ወይም ቆጣቢ አምፑል በመጥረጊያ አይጠረግም፤ መጥረጊያ ትነቱን ይበትነዋልና። መስኮቱና በሩ ተከፍቶ ልጆች ከክፍሉ ወጥተው ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያሉ፤ ከዚያም ስባሪው በወፍራም ወረቀት ተነሥቶ ክዳን ባለው ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ይከተታል፤ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጨርቁም ከስባሪው ጋራ ይጣላል። የተቃጠለውን ረጅም ቱቦ ለልጆች መጫወቻ አድርጎ መስጠት በየመንደሩ ይታያል፤ ይህ ፈጽሞ ሊከለከል የሚገባው ነው።

ዛሬ በሱቆች የሚበዛው በኤልኢዲ የሚሠራው አምፑል ነው። በእርሱ ውስጥ የሚግል ክርም የባዜቃ ትነትም የለም፤ ከሰናፍጭ ቅንጣት ብዙ የማይበልጥ ጥርብ ድንጋይ መሰል ነገር ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በቀጥታ ያበራል። ቀይና አረንጓዴ የሚያበራው ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊ የሚያበራ ጠፍቶ ሊቃውንት ለብዙ ዓመት ደከሙ። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የሚባሉት ሦስት ጃፓን ተወላጆች ይህን ስላገኙ በ2007 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በአምፑሉ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ቢጫ ቅባት ሲያልፍ ከቢጫው ጋራ ተቀላቅሎ ለዓይን ነጭ ይመስላል። በካርቶኑ ላይ የሚጻፍለት ዕድሜ ብዙ ጊዜ 15000 ሰዓት ነው፤ በየሌሊቱ አራት ሰዓት ቢበራ ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው።

ነገር ግን በፒያሳም ሆነ በሌላ ገበያ የኤልኢዲ አምፑል ገዝቶ በሦስት ወር የተቃጠለበት ሰው ብዙ ነው፤ «ይቆያል የተባለው ሐሰት ነው» ብሎም ያማርራል። ምክንያቱ በአንገቱ ውስጥ ነው። የሚያበራው ቅንጣት ራሱ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ የሚቃጠለው የ220 ቮልቱን ኃይል ለቅንጣቱ በሚስማማ መጠን የሚያደርስለት ትንሽ መሣሪያ ነው። ርካሽ ሠሪ የሚቆጥበው በዚህ መሣሪያ ላይ ሲሆን፣ ሙቀትና የቮልት መዋዠቅ ቶሎ ይገድሉታል። ስለዚህ የኤልኢዲ አምፑል አየር በማይገባበት በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ ሊታፈን አይገባም። የክሩም አምፑል ቢሆን ከቮልት መዋዠቅ አላመለጠም፤ ቮልቱ ከመቶ አምስት ያህል ከፍ ብሎ ቢቆይ የአምፑሉ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል፤ ከመቶ አሥር ዝቅ ሲል ደግሞ ብርሃኑ ከመቶ ሠላሳ ያህል ይቀንሳል። ሰው ሁሉ በአንድነት በሚያበራበት ምሽት አምፑሉ ቀልቶ ይታይ የነበረው ለዚህ ነው።

ሻጩ አምፑሉን በሱቁ ሶኬት ላይ አብርቶ ማሳየቱ መልካም ልማድ ነው፤ የሚያስረዳው ግን አምፑሉ መብራቱን ብቻ ነው። ገዢው የስልኩን ካሜራ ወደ አምፑሉ ቢያቀርብና ጥቁር መስመሮች ሲሮጡ ቢያይ፣ ብርሃኑ ለዓይን ባይታወቅም እንደሚርገበገብ ይወቅ፤ እንዲህ ያለው ለማንበቢያ አይመረጥም። በካርቶኑ ላይ ዋቱና ሉመኑ ሁለቱም ያልተጻፈበትን ደግሞ መተው ይሻላል። የተጻፈው ዋት እውነት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ በቤት ውስጥ የሚደረግ ፈተና አለ። በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ አምፑሉ ብቻ ይበራል፤ በቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ይቆጠራል። በቆጣሪው ፊት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብልጭታ እንደሚሆን ተጽፎአል። አንድ ሺህ ከሆነ፣ የ60 ዋቱ አምፑል በየደቂቃው አንድ ጊዜ፣ የ9 ዋቱ ግን በስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ አንድ ጊዜ ያበራታል። ልጆች ይህን ፈተና ይወዱታል።

ስለ ብርሃኑ ቀለምም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በካርቶኑ ላይ 2700 ተብሎ የሚጻፈው እንደ ክሩ አምፑል ቢጫ ነው፤ 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ነጭ ነው። የፒያሳ ወርቅ ሻጮች ወርቅ በቢጫ ብርሃን እንደሚደምቅ ያውቃሉ፤ ጨርቅ የሚገዛ ሰውም በሱቅ ያየውን ቀለም ደጅ ወጥቶ የሚያረጋግጠው ብርሃን ቀለምን ስለሚለውጥ ነው። ነጩ ብርሃን ለሥራና ለትምህርት ይስማማል፤ ለመኝታ በሚቀርቡበት ሰዓት ግን እንቅልፍን ስለሚያርቅ ቢጫው ይሻላል።

አምፑሉ ምንም መልካም ቢሆን አሰቃቀሉ ሊያበላሸው ይችላል። ብርሃን ከምንጩ በራቀ መጠን በርቀቱ ብቻ ሳይሆን ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ በሚወጣው ቁጥር ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በአራዳ በጥንት ነጋዴዎች የተሠሩት ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ ስለ ነበረ፣ ከጣሪያው ሥር የተሰቀለ አምፑል ለሚያነብ ልጅ ምንም ያህል አይጠቅምም ነበር። አምፑሉን በሽቦ አውርዶ ከጠረጴዛው በላይ ከነበረበት ሦስት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ተኩል ማድረስ፣ አንድ ሳንቲም የኃይል ወጪ ሳይጨምር በደብተሩ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አራት እጥፍ ያደርገዋል። ይህን የሚሠራው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ፣ መስመሩም ተቋርጦ ሊሆን ይገባል። በኖራ የተለሰነ ግድግዳም ብርሃኑን ስለሚመልስ፣ ከጥላሸት የጠቆረን ክፍል ኖራ መቀባት ሌላ አምፑል ከመጨመር ሊበልጥ ይችላል።

መስመሩ ገና ላልደረሰበትና በፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ለሚጠቀም ትምህርት ቤት ይህ ምርጫ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመቻልና ያለመቻል ጉዳይ ነው። ባለ 20 ዋት ሰሌዳ በደህና ፀሐይ በቀን የሚሰበስበው ከ60 እስከ 80 ዋት ሰዓት ያህል ነው። በዚህ ኃይል ሁለት ባለ 5 ዋት የኤልኢዲ አምፑሎች አራት ሰዓት በርተው 40 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሚጨርሱ ለደመና ቀን የሚተርፍ ይኖራል፤ የ60 ዋት የክር አምፑል ግን ያን ሁሉ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚገዛው አምፑል አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ መልኩና አንገቱ ከ220 ቮልቱ ጋራ አንድ ሊሆን ስለሚችል ካርቶኑን አንብቦ መለየት ያስፈልጋል። የ12 ቮልቱ በከተማ መስመር ላይ ቢገባ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል፤ የ220ው በ12 ቮልት ላይ ቢገባ ደግሞ ምንም አያበራም፤ ባለቤቱም አምፑሉ የተበላሸ መስሎት ይጥለዋል።